ጋሽ ዘውዱ እና ሃያ አራቱ አድራሻዎች

ባለፈው ሳምንት የጋሽ ዘውዱን ስም ከአንድ ዝርዝር ላይ አጠፋሁ። ሞተው አይደለም። ዓይናቸውን ለመታከም ወደ አዲስ አበባ ከሄዱ አራት ወር ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው እንደነገረችኝ ከእንግዲህ ወደ ጁባ አይመለሱም። በጁባ ስልካቸው ስደውል የማላውቀው ጎልማሳ አነሳና «ዘውዱ ማፊ» አለኝ፤ ዘውዱ የሚባል ሰው የለም ማለቱ ነው። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ዝርዝሩ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ዝርዝር ስለሆነ በከተማው የሌለ ሰው ስም ሊቆይበት አይገባም። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ቢሆንም ማጥፊያውን ከመጫኔ በፊት ብዙ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ስም የእሳቸው ነበር።

ጋሽ ዘውዱ ካስተም ገበያ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሠራተኛ ነበሩ። እናቴ እዚያው ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊ ናት። ሰውየው ቀጭን ናቸው፤ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ መነጽራቸውን በጫማ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። በወጣትነታቸው አገር ቤት የቴሌግራም ሠራተኛ ነበሩ። ቴሌግራም ሲቀር ኮምፒውተር ተማሩ፤ ግን የድሮው ሥራ ከጣታቸው አልወጣም። አንድን ጽሑፍ ከመላካቸው በፊት እያንዳንዷን ምልክት በእርሳስ ጫፍ እየነኩ ይቆጥራሉ።

በ2012 እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ እጠባበቅ ነበር። ከቁርስ በኋላ የሆቴሉ ኢንተርኔት ክፍል እገባና ጋሽ ዘውዱ የሚሠሩትን አያለሁ። ክፍሉ ሦስት ኮምፒውተር ነበረው፤ በመስኮቱ ከኡጋንዳ የመጡ የጭነት መኪናዎች ሲራገፉ ይታያል። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ሰው ሁሉ የሚያልፈውን ነገር ማንበብ ነው። አንድ ገጽ ሲከፈት ዓይኔ ወደ ሥዕሉ ሲሮጥ ያዩና፣

«ሥዕሉን ተይው፤ ላዩ ላይ ያለውን አድራሻ አንብቢልኝ» ይላሉ።

ከዚያ አመልካች ጣታቸውን መጽሐፍ እንደሚገልጥ ሰው ምላሳቸው ላይ ያስነኩና ስክሪኑ ላይ ያሳርፋሉ።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«የጥያቄ ምልክት።»

«ከእሷ በፊት ያለው ቤቱ ነው። ከእሷ በኋላ ያለው ጉዳይሽ ነው። ዘበኛ በር ላይ ምን ይልሻል? የማን ቤት መጣሽ? ምን ፈልገሽ? ጉዳይሽን ሳትናገሪ ብትገቢ ሳሎን ያስቀምጡሻል እንጂ የፈለግሽውን አያመጡልሽም። ጉዳይሽን በትክክል ካልተናገርሽ ደግሞ የሰው ጉዳይ ይዘው ይመጡልሻል።»

የአማርኛ ፊደል በዚያ አድራሻ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። መንገዱ የተሠራው ለላቲን ፊደላት፣ ለቁጥሮችና ለጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው። የእኛ «ሀ» በዚያ መንገድ ስትጓዝ %E1%88%80 ሆና ትሄዳለች፤ ስትደርስ እንደገና «ሀ» ትሆናለች። ጋሽ ዘውዱ ፊደላቱን ሁሉ ከነኮዳቸው በእጃቸው የጻፉበት ባለ መቶ ገጽ ደብተር ነበራቸው። «ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራው የለም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ይሠራል። የሚሠራልኝን ሰው ግን ቋንቋውን ሳላውቅ አላዘውም» አሉኝ።

በዚህ ደብተር ምክንያት ኛቦል «ጋሽ ፐርሰንት» የሚል ስም አወጣችላቸው። ኛቦል አዲስ አበባ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አገሯ ነጻ ሲወጣ ተመልሳ በሆቴላችን ሪሴፕሽን ትሠራለች። ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባለው ሰፈር ከባሏ ጋር ትኖራለች። ሆዷ ገፍቶ እንኳ ከክፍል ክፍል እየዞረች ሁሉንም ሰው ትነካካለች።

«ጋሽ ፐርሰንት፣ ስክሪኑን በምራቅህ ጨረስከው እኮ! እኔ ነኝ የምወለውለው።»

«ልጅሽ ሲወለድ እሱ ይወለውለዋል።»

«የኔ ልጅ? የኔ ልጅ ሥራ አስኪያጅ ነው የሚሆነው። አንተን ነው የሚያስወለውልህ!»

ጋሽ ዘውዱ መሳቃቸውን ላለማሳየት መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ሌላ ሰው «አንተ» ሲላቸው ፊታቸው ይከብዳል፤ ከኛቦል አፍ ሲወጣ ግን ደስ ይላቸው ነበር።

የደም ሰጪዎቹ ዝርዝር የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ከጉምቦ በኩል አንድ የሕንፃ ሠራተኛ ወድቆ ተጎዳና ያገሩ ልጆች ሁሉ ደም ፍለጋ በስልክ ሲጠራሩ ዋሉ። አንዱ የደም ዓይነቱን አያውቅም፣ የሌላው ስልክ ተዘግቷል። ሰውየው ተረፈ። ጋሽ ዘውዱ ግን በማግስቱ፣ «ይህ በዕድል የተረፈ ሰው ነው» አሉና ሥራ ጀመሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠረጴዛ አስቀምጠው ፈቃደኞችን መዘገቡ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ የደም ዓይነት፣ ሰፈር። ከዚያ ክሊኒኮች ብቻ የሚያዩት አንድ ገጽ ሠሩ።

ችግሩ ኢንተርኔቱ ነበር። ገጹ ተከፍቶ፣ የደም ዓይነቱ ተመርጦ፣ ሰፈሩ ተመርጦ መልስ እስኪመጣ ድረስ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ስለዚህ ጋሽ ዘውዱ አቋራጭ አሰቡ። ጥያቄው አስቀድሞ የተሞላበት አድራሻ አዘጋጅተው በኢሜይል ደብዳቤ ለክሊኒኮቹ ሊልኩ ነው፤ ነርሷ አንዱን ስትጫን ዝርዝሩ በቀጥታ ይመጣላታል። ስምንት የደም ዓይነት፣ ሦስት ሰፈር፣ በጠቅላላው ሃያ አራት አድራሻ። ካስተም፣ ጀበል፣ ጉምቦ የሚሉት በአማርኛ ስለተመዘገቡ፣ ደብዳቤው መንገድ ላይ ፊደሉን እንዳይቆርጠው እያንዳንዱን በኮድ ጻፉት። «ጀበል» ብቻዋን ዘጠኝ ጥንድ ሆነች። ሰፈሮቹን በቁጥር ብንጠራቸው አይቀልም ወይ ብዬ ነበር። «ሰው ጀበል ነው የምኖረው ብሎ ነገረኝ፤ ሁለት ቁጥር ነው የምኖረው አላለኝም» አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ የምሳ ሰዓታቸውን ለዚህ ሰጡ።

ሲጨርሱ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሁሉም መከፈታቸውን እይልኝ» አሉኝ።

ሃያ አራቱንም አንድ በአንድ ከፈትኩ። ውጤቱን በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። አሥራ ስምንቱ «ማንም አልተገኘም» የሚል ገጽ አመጡ። ቢሆንም ተከፍተዋል፤ የስህተት መልእክት የለም። በዚያ የደም ዓይነት የተመዘገበ ሰው የለም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ዘውዱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ሁሉም ይከፈታሉ ጋሼ» አልኳቸው።

«ጎበዝ!»

ደብዳቤው በዚያው ቀን ተላከ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የጋሽ ዘውዱ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የክሊኒክ ነርስ የሆነችው ሲስተር ሂሩት ነበረች። ጋሽ ዘውዱ እጃቸው በኬብል ተይዞ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ኛቦል ወልዳለች። ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን ደሟ አልቆም ብሏል። ኦ ፖዘቲቭ እፈልጋለሁ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው። አድራሻዎን ከፈትኩት፤ ማንም አልተገኘም ይላል።»

ኬብሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«የትኛውን ሰፈር ከፈትሽ?»

«ሦስቱንም! ጀበል የለም፣ ጉምቦ የለም፣ ካስተም የለም። ኦ ኔጌቲቭ አንድ ሰው አገኘሁ፤ ስደውልለት ካምፓላ ነኝ አለኝ።»

«ካስተም የለም?» ጋሽ ዘውዱ ደረታቸውን ያዙ። «ካስተም እኔ አለሁ እኮ! ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። የመጀመሪያው ስም የኔ ነው!»

«ገጹ የሉም ነው የሚለው ጋሼ። ምን ላድርግ? ጊዜ የለኝም።»

«አትዝጊ» አሉና አድራሻውን ከፈቱ። ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አስነኩ። ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ቤቱ ልክ ነው። የጥያቄ ምልክት። ደም። እኩል ይሆናል። ኦ። መደመር...»

ጣታቸው እዚያ ቆመ።

«ወይኔ ዘውዱ!» አሉ።

ኋላ እንዳስረዱኝ፣ ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ ያለው ክፍል የቆየ ልማድ አለው፤ የመደመር ምልክት እዚያ ሲገባ በሁለት ቃላት መካከል ያለ ባዶ ቦታ ተደርጎ ይነበባል። እሳቸው O+ ብለው የጻፉትን ሰርቨሩ «ኦ» እና ባዶ ቦታ አድርጎ ሰማው። እንዲያ ያለ የደም ዓይነት ደግሞ የማንም የለም። ገጹ ላይ ተመርጦ ሲጠየቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ምልክቷን በኮድ ይለውጣታል፤ በእጅ በተጻፈው አድራሻ ላይ ግን የሚለውጥላት አልነበረም። የእኛን ፊደላት አንድም ሳይስቱ የጠበቁ ሰው፣ በየሱቁ ደረሰኝ ላይ የምትታየውን የመደመር ምልክት ጠርጥረዋት አያውቁም።

ያን ጊዜ ግን ማብራሪያ አልነበረም።

«ሂሩት፣ አድራሻው ላይ ያለችውን መደመር አጥፊያት። በቦታዋ ፐርሰንት ጻፊ። ፐርሰንት፣ ሁለት፣ ትልቁ ቢ። መሐሉ ላይ ክፍተት አታድርጊ።»

«ፐርሰንት... ሁለት... ቢ። ጻፍኩ።»

ጠበቅን። ከስልኩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማ ነበር። ጋሽ ዘውዱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«መጡ!» አለች ሲስተር ሂሩት። «ካስተም ብቻ አምስት ሰው ነው! የመጀመሪያው ዘውዱ ይላል።»

«እሱማ እየመጣ ነው» አሉና ተነሡ።

እኔ ቁጭ ብለው ስህተቱን የሚያርሙ መስሎኝ፣ «ገጹስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ገጹ አይደማም» አሉኝ። «ስልክሽን አንሺ፤ ከሁለተኛው ስም ጀምሪ።»

በሩ ላይ ከቆመ ቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ኋላ ተፈናጥጠው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው፤ መነጽራቸው ጀርባቸው ላይ ዞሮ ይወዛወዝ ነበር። እኔ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነካሁ። ከጀበል አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት፣ «ድስቱን ላውርድና መጣሁ» አለች። ከጉምቦ አንድ መሐንዲስ ድልድዩ በመኪና ተጨናንቆ ሲያገኘው መኪናውን ለሾፌሩ ትቶ በእግሩ ተሻገረ። ከካስተም ሁለት ወንድማማች መካኒኮች በሥራ ልብሳቸው ደረሱ። ሲስተር ሂሩት ኋላ እንደነገረችኝ ጋሽ ዘውዱን ለዕድሜያቸው ፈርታ ልትመልሳቸው ነበር።

«ዕድሜዎ ስንት ነው ጋሼ?»

«ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። አሁን እኮ ይነበባል!»

ከሰዓት በኋላ ተደወለልኝ። የኛቦል ደም ቆሟል። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ እልል አለች፤ እኔ ግን ማስታወሻዬን አውጥቼ ያቺን የአሥራ ስምንት ባዶ ገጾች ዝርዝር አየሁ። መደመር ያለባቸው አሥራ ሁለቱም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ስህተቱ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ተሰልፎ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ።

ጋሽ ዘውዱ በማግስቱ ክንዳቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ገቡ። ሃያ አራቱን አድራሻ አርመው አዲስ ደብዳቤ አዘጋጁ። አሮጌው አድራሻ ቢመጣ እንኳ ገጹ ገምቶ ትክክለኛውን ዝርዝር እንዲያወጣ አደረጉት። «ተሳስቶ በር የሚያንኳኳም እንግዳ ነው» አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ሊወጡ ሲሉ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አገኛቸው።

«ወዴት ነው ጋሽ ዘውዱ?»

«በየክሊኒኩ ዞሬ መሳሳቴን ልናገር።»

«ምን ያደርግልዎታል? አዲሱን ደብዳቤ ይላኩት፣ በቃ። አሮጌውም ተስተካክሏል አሉ። ማን ያውቅብዎታል?»

«ማንም እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው እንዴ የሠራሁት? "ማንም አልተገኘም" የሚለውን አይቶ ፍለጋውን የተወ ክሊኒክ ቢኖርስ? ያ ሰው ዝርዝሩ ባዶ ነው ብሎ አምኗል። እንደገና እንዲያምነው ዋሽቶት የነበረው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት።»

አብሬያቸው ሄድኩ። ሁለት ቀን ፈጀብን። በየቦታው ያው ነው፤ ኮፍያቸውን ያወልቁና፣ «አድራሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የኔ ነው፤ ዝርዝሩ ሙሉ ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዱ ሐኪም ተቆጣቸው። ቁጣውን ቆመው ሰምተው አመሰገኑት።

በሁለተኛው ቀን ወደ ጉምቦ ስንሄድ ድልድዩን በእግር ተሻገርን። መሐል ላይ ስንደርስ የደበቅሁትን መሸከም አቃተኝ። ማስታወሻዬን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«አይቼው ነበር ጋሼ። አሥራ ስምንቱ ባዶ ነበሩ። አልነገርኩዎትም። ደስ ብሎዎት ስለነበር...»

መነጽራቸውን አደረጉ። መስመር በመስመር በጣታቸው አነበቡት። መኪናዎች በአጠገባችን ሲያልፉ ድልድዩ ይንቀጠቀጣል። አንብበው ሲጨርሱ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይም ልክ እንደ እናቴ «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» ይሉኛል ብዬ። ሁለቱንም አላሉም።

«ሥራሽን ንጹሕ አድርገሽ ሠርተሻል» አሉ። «እኔ የጠየቅሁሽ ይከፈታሉ ወይ ብዬ ነው። ማንን አገኘሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የኔ ጥፋት ይህ ነው። ያንቺን ደግሞ ታውቂዋለሽ። የኔን ደስታ ለመጠበቅ ብለሽ ዝም አልሽ። ሁለተኛ ደስታዬን አትጠብቂልኝ።»

ማስታወሻውን መለሱልኝ። መንገዳችንን ቀጠልን።

የመጨረሻው ቦታ የኛቦል ቤት ነበር። ከክሊኒክ ወጥታ ማንጎው ዛፍ ሥር አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፤ ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል። ፊቷ ገና ገርጥቷል። ባሏ ወንበር አመጣ። ጋሽ ዘውዱ አልተቀመጡም።

«ከመቀመጤ በፊት የምናገረው አለኝ» አሉና ሁሉንም ነገሯት፤ የመደመር ምልክቷን፣ ሲስተር ሂሩት በከንቱ የፈለገችበትን ጊዜ፣ ሁሉን። ኛቦል ዓይኗን ሳትነቅል ሰማቻቸው። ስትቀልድ እንጂ ዝም ስትል አይቻት ስለማላውቅ ፈራሁ።

«እና አሁን ምን ላድርግህ?» አለች በመጨረሻ። «ልቆጣህ?»

«ከፈለግሽ።»

«አልችልም፣ ደክሞኛል። ቁጭ በልና ልጁን ያዝልኝ፤ ክንዴ ደንዝዟል።»

ጋሽ ዘውዱ ተቀመጡ። ልጁን የተቀበሉት አዲስ ሞኒተር ከካርቶን እንደሚያወጣ ሰው፣ ክርናቸውን ገትረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። ኛቦል ያን አይታ ሳቀች፤ ሳቁ አሟት ሆዷን ያዘች፤ እንደገና ሳቀች።

«እኔንም ጻፈኝ እዚያ ዝርዝር ላይ» አለቻቸው።

«አሁን አይሆንም። ደምሽ ይመለስ፤ ልጁ ጡት ይተው። ከዓመት በኋላ።»

«ዓመት! ያን ጊዜ አንተ ሽማግሌ የት ትገኛለህ?»

«ባልገኝም ዝርዝሩ ይገኛል» አሉ፣ ዓይናቸው ልጁ ላይ ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ሃያ አራቱን አድራሻ መፈተን የኔ ሥራ ሆነ። መከፈታቸውን ብቻ አላይም፤ ማን መገኘት እንዳለበት አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ማን እንደተገኘ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ገጹን ሙሉ በሙሉ አስረከቡኝ። ዘንድሮ ጁባ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ የተሠራ ነገር እንድፈትን ሲሰጠኝ ጓደኞቼ ከሚጨርሱ ዘግይቼ ነው የምጨርሰው። አላፍርበትም።

የጋሽ ዘውዱን ስም ባጠፋሁ በሦስተኛው ቀን ኛቦል ወደ ኢንተርኔት ክፍሉ መጣች። ልጁ እጇን ይዞ ይራመዳል፤ ደርሶ የኮምፒውተሩን ገመድ መጎተት ጀመረ። ጋሽ ዘውዱ እንደማይመለሱ ነገርኳት። ባዶውን ወንበራቸውን አየት አደረገች። ከዚያ ሳብ አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ጡት ከተወ አራት ወሩ ነው» አለች። «ሲስተር ሂሩትም መርምራኛለች፤ ደሜ ሞልቷል ብላለች። ጻፊኝ።»

ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ስልኳን፣ የደም ዓይነቷን፣ ሰፈሯን ጻፍኩ። ከዚያ የጉምቦን አድራሻ ከፈትኩ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ከዚያ ላክሁት። ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ ዘገየ። ኛቦል ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ነጩ ገጽ አንገቷን አሰገገች።

«አለሁ?» አለችኝ።

ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተሞላ።

«አለሽ» አልኳት።